ብያኔና ምደባ፦ አምባዛ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፣
1. የአንድን ነገር ምንነት የሚገልጽ የብያኔ ዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ፤
2. ነገሮችን በአንድ መሠረት ብቻ ትመድባላችሁ፤
3. «የሚ»፣ «ሁሉ» እና «ብቻ» በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚሰጡትን ትርጉም ለይታችሁ ትጠቀማላችሁ፤
4. ከተሳሳተ ብያኔ የሚመነጭ የተሳሳተ ፍርድን ታርማላችሁ።

ሀ. መግቢያ

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት ወይም በሰቃ የሚኖር ሰው ስለ ቡና ሲናገር ቃላትን አያምታታም። ከዛፉ የተለቀመውን ቀይ ፍሬ እሸት ቡና ይለዋል። ከነቅርፊቱ የደረቀውን ጀንፈል፣ ተፈልፍሎ በውኃ የጸዳውን ደግሞ የታጠበ ቡና ይለዋል። እነዚህን ስሞች ቢያቀያይር በገበያ ላይ ይከስራልና ጠንቅቆ ይለያቸዋል።

ይኸው ሰው ስለ ወንዙ ሲናገር ግን ብዙ ልዩ ልዩ ፍጥረቶችን «ዓሣ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልላል። ከዚህም የተነሣ «በወንዙ ውስጥ ዓሣ ስላለ ውኃው ደኅና ነው» ሲል ትሰሙት ይሆናል። ይህ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ጉድለት የለበትም። ባለቤቱም ማሰሪያ አንቀጹም በየቦታቸው ናቸው። ነገር ግን እውነት ነውን? መልሱ የሚገኘው «የትኛው ዓሣ?» ብሎ ከመጠየቅ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ጻፉና አቆዩት፤ በትምህርቱ መጨረሻ እንመለስበታለን። አስቀድማችሁ ግን የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ፦ አምባዛ

አምባዛ በአገራችን ሐይቆችና ወንዞች ከሚገኙት ዓሦች አንዱ ነው። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ይገኛል። ግልገል ጊቤ ከጅማ ዞን ተነሥቶ ወደ ታላቁ ጊቤ ይገባል፤ ጊቤም ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ይባላል። በዚህ በኦሞ ወንዝና ወንዙ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅም አምባዛ ይኖራል። ከአገራችን ውጭ ደግሞ በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ይገኛል።

የአምባዛ ሰውነት ረዘም ያለ ነው፤ ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ አጥንት ያለው ነው። ቆዳው ልሙጥና የሚያዳልጥ ሲሆን ቅርፊት ፈጽሞ የለበትም። በጀርባው ላይ ያለው ክንፍ ረጅም ነው፤ ከጭንቅላቱ በስተኋላ ጀምሮ እስከ ጅራቱ አጠገብ ይደርሳል። በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ፣ ማለት ስምንት ሪዞች አሉት። አምባዛ በብዛት የሚመገበው በሌሊት ስለሆነ፣ በደፈረሰ ውኃና በጨለማ ውስጥ ምግቡን የሚፈልገው በእነዚህ ሪዞች እየዳሰሰና እየቀመሰ ነው። ምግቡም ብዙ ዓይነት ነው፤ የውኃ ነፍሳትን፣ ትናንሽ ዓሦችን፣ ዕፀዋትንና የሞቱ እንስሳትን ይበላል። በደኅና ሁኔታ ከኖረ ርዝመቱ ከ1 ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል።

አምባዛ የሚራባው በዝናም ወራት ነው። ወንዙ ወይም ሐይቁ ሞልቶ ዳር ዳሩን ያለው ሣር በውኃ ሲሸፈን፣ ወንዱና ሴቷ በሌሊት ወደዚያ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይወጣሉ። ሴቷ የምትጥላቸው ዕንቁላሎች ከሣሩ ላይ ይጣበቃሉ። ውኃው ሞቃት ከሆነ ጫጩቶቹ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ወላጆቹ ግን ዕንቁላሎቹንም ሆነ ጫጩቶቹን አይጠብቁም፤ ወደ ጥልቁ ውኃ ይመለሳሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የአምባዛ አተነፋፈስ ነው። ዓሦች የሚተነፍሱት በስንጥብ ነው። ስንጥብ ማለት በጭንቅላቱ ጎንና ጎን፣ ከክዳን ሥር የሚገኝ፣ ማበጠሪያ የመሰለ ቀይ አካል ነው፤ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ወደ ደም ያስተላልፋል። አምባዛም ስንጥብ አለው። ከዚህ ሌላ ግን ከስንጥቡ በላይ ባለ ክፍት ቦታ ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ፣ በደም ሥሮች የተሞላ ሌላ መተንፈሻ አለው። በዚህ አካል አማካይነት አምባዛ ወደ ውኃው ገጽ ብቅ እያለ አየር ይስባል። ስለዚህ ኦክሲጅን ባነሰው ረግረግ ውስጥ ሌሎች ዓሦች ሲሞቱ እርሱ ሊቆይ ይችላል። ቆዳው እስካልደረቀ ድረስ ከውኃ ውጭ ለብዙ ሰዓት መኖር፣ በደረቱ ክንፎችም እየተደገፈ በእርጥብ መሬት ላይ ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው መሻገር ይችላል። ጫጩቱ ግን ሲፈለፈል ይህ አካል የለውም፤ አካሉ የሚበቅለው እያደገ ሲሄድ ነው።

ሐ. ብያኔ

ብያኔ ማለት የአንድን ነገር ምንነት ከሌላው ለይቶ የሚያስታውቅ ዓረፍተ ነገር ነው። ሙሉ ብያኔ ሦስት ክፍሎች አሉት። እነርሱም የሚበየነው ነገር፣ ያ ነገር የሚገባበት ወገን፣ ከወገኑ የሚለይበት ምልክት ናቸው።

ምሳሌ፦ አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ በአፉ ዙሪያ ስምንት ሪዞች ያሉት፣ ሲያድግ ከስንጥቡ ሌላ አየር መተንፈሻ አካል ያለው ዓሣ ነው።

በዚህ ምሳሌ «አምባዛ» የሚበየነው ነገር ነው፤ «ዓሣ» ወገኑ ነው፤ በመካከል ያሉት ሐረጎች መለያ ምልክቶች ናቸው። አሁን ደግሞ ቀጥለው የተጻፉትን ዓረፍተ ነገሮች መርምሩ።

1. አምባዛ በውኃ ውስጥ ይኖራል።
2. አምባዛ ትልቅ ዓሣ ነው።
3. አምባዛ ማለት አምባዛ የሚባለው ዓሣ ነው።

የመጀመሪያው ስለ አምባዛ እውነት ይናገራል እንጂ አይበይነውም፤ እንቁራሪትም ጉማሬም በውኃ ውስጥ ይኖራሉና። ሁለተኛው ወገኑን ቢሰጥም መለያው ልክ የለውም፤ «ትልቅ» ከምን ሲነጻጸር እንደሆነ አይታወቅም፤ ትንሽ አምባዛም አምባዛ መሆኑ አይቀርም። ሦስተኛው ራሱን በራሱ ስለሚተረጉም አንባቢው ካለበት አይንቀሳቀስም። እንግዲህ ጥሩ ብያኔ የሚበየነውን ነገር ሁሉ የሚያካትት፣ ሌላውን ሁሉ የሚያስወጣ መሆን አለበት። «ሲያድግ» የሚለው ቃል በምሳሌው ውስጥ ለምን እንደገባ አስተውሉ። ቃሉ ባይኖር ኖሮ ገና የተፈለፈለው ጫጩት ከብያኔው ውጭ በቀረ ነበር።

መ. ምደባ

ምደባ ማለት ብዙ ነገሮችን በሚመሳሰሉበት ምልክት እየሰበሰቡ በወገን በወገን መክፈል ነው። የምደባ የመጀመሪያው ሕግ፣ በአንድ ጊዜ አንድ መሠረት ብቻ መያዝ ነው። አንድ ተማሪ «ዓሦች በሦስት ይከፈላሉ፤ እነርሱም ባለ ቅርፊት፣ የሐይቅና ትልልቅ ናቸው» ብሎ ቢጽፍ፣ ሦስት መሠረቶችን አደባልቋል። በሐይቅ የሚኖር ባለ ቅርፊት ትልቅ ዓሣ በየትኛው ወገን ይገባል?

ሁለተኛው ሕግ መሠረቱን ለዓላማው የሚስማማ አድርጎ መምረጥ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የውኃ እንስሳት የሚበሉና የማይበሉ ተብለው ሲለዩ፣ የመለያው መሠረት ክንፍና ቅርፊት መኖሩ ነው። አምባዛ ክንፍ እንጂ ቅርፊት ስለሌለው በአገራችን ብዙ ምእመናን አይበሉትም። ይህ ምደባ ዓላማው የአመጋገብ ሥርዓት ነው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ደግሞ የእንስሳትን ዝምድና ለማወቅ ስለሚፈልጉ ሌላ መሠረት ይይዛሉ። ሁለቱ ምደባዎች የተለያየ ጥያቄ ይመልሳሉና አንዱ ሌላውን አይሽርም።

የመኖሪያ ቦታ ለዝምድና ምደባ በቂ መሠረት እንደማይሆን ለማየት አምባዛን ከአንድ የባሕር ዓሣ ጋር እናነጻጽረው። በቀይ ባሕር ጠረፍ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ከአሸዋውና ከዛጎል ድንጋዩ መካከል ሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ ይኖራል። ከሬይ ዓይነቶች አንዱ በገላው ላይ ደማቅ ሰማያዊ ነጠብጣቦች፣ በጅራቱም ላይ መርዛም እሾህ አለው። ይህን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፎርስኮል የተባለ ተመራማሪ ነው። ፎርስኮል ከዴንማርክ በተላከ የጥናት ጓድ ውስጥ ሆኖ ቀይ ባሕርን ሲያጠና እ.ኤ.አ. በ1763 ዓ.ም. በየመን ሞተ፤ ሥራው የታተመውም ከሞተ በኋላ በ1775 ዓ.ም. ነው። ዝርያው በሳይንስ ታኒዩራ ሊማ ይባላል።

ሬይም አምባዛም ከውኃው ወለል አጠገብ ይኖራሉ፤ ሁለቱም እንደ ሌሎች ዓሦች ያለ ቅርፊት አይታይባቸውም። በዚህ ብቻ የሚመድብ ሰው ዘመዳሞች ናቸው ሊል ይችላል። አካላቸው ሲመረመር ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። የአምባዛ አጽም ጠንካራ አጥንት ነው፤ የሬይ አጽም ግን እንደ ጆሯችን ጫፍ የሚታጠፍ ልም አጥንት ነው። የአምባዛ ስንጥብ በጎንና በጎን በክዳን የተሸፈነ ነው፤ ሬይ ግን ከሆዱ በኩል አምስት ጥንድ ግልጥ ስንጥቆች አሉት። አፉም ከሥሩ ስለሆነ አሸዋ እንዳይስብ ውኃውን ከዓይኖቹ በስተኋላ ባሉ ቀዳዳዎች ያስገባል። አምባዛ ዕንቁላል ይጥላል፤ ሬይ በሆዱ ያደጉ ጥቂት ልጆችን ይወልዳል። ስለዚህ ሬይ የሚዛመደው ከአምባዛ ጋር ሳይሆን ልም አጥንት ካለው ከሻርክ ጋር ነው።

ሊቃውንት እንስሳትን ከሰፊው ወገን ወደ ጠባቡ እየወረዱ ይመድባሉ። ደረጃዎቹም ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገንና ዝርያ ይባላሉ። ስዊድናዊው ሊኔየስ ለእንስሳት ዝርያዎች ሁለት ቃል ያለው ስም የመስጠትን ልማድ እ.ኤ.አ. በ1758 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አጸና። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው መለያ ነው። በዚህ ሥርዓት አምባዛ ክላሪያስ ጋሪየፒነስ ይባላል። ይህም አሠራር ከላይ ካየነው ብያኔ ጋር አንድ ነው፤ ወገኑ ይነገራል፣ መለያው ይከተላል።

ይህ ስም በቀላሉ አልጸናም። ዓሣውን እ.ኤ.አ. በ1822 ዓ.ም. በጽሑፍ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው በርቸል ሲሆን፣ መለያ ስሙን የወሰደው በደቡብ አፍሪካ ካለው ከጋሪየፕ ወንዝ ነው። በኋላ ሌሎች ሊቃውንት በየቦታው ያገኙትን አምባዛ አዲስ ዝርያ እየመሰላቸው ክላሪያስ ላዜራ፣ ክላሪያስ ሞሳምቢከስ የሚሉ ስሞችን ሰጡት። በአገራችንም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አምባዛ ለብዙ ጊዜ በሞሳምቢከስ ስም ሲጻፍ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. በታተመ አንድ የቤልጅግ ተመራማሪ ሥራ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ናሙናዎች ተመዛዝነው ሦስቱም ስሞች የአንድ ዝርያ መሆናቸው ተገለጸ። በዚህ ጊዜ ጸንቶ የሚቀረው ቀድሞ የወጣው ስም ስለሆነ የበርቸል ስም ጸና። ከዚህ የምንማረው፣ መለያ ምልክቱ በደንብ ካልተመዘነ አንዱ ነገር ሦስት መስሎ ሊታይ እንደሚችል ነው።

ሠ. ሰዋስው

1. «የሚ» እና «የ»። በብያኔ ውስጥ መለያው ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በግሥ ላይ «የሚ» ወይም «የ» ተጨምሮ በሚመሠረት ሐረግ ነው። ሐረጉ እንደ ቅጽል ሆኖ ከስሙ በፊት ይቀመጣል። «በጭቃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ» ስንል የዓሣውን ጠባይ እንናገራለን። «በጭቃ ውስጥ የኖረ ዓሣ» ስንል ግን በአንድ ጊዜ የሆነውን እንተርካለን። ብያኔ ዘወትር የሚሆነውን ስለሚናገር «የሚ» ይስማማዋል። ለአሉታ «የማይ» እንጠቀማለን፤ ለምሳሌ «ጫጩቶቹን የማይጠብቅ»።

2. የሐረግ ብዛት። በአማርኛ ስሙና ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ ስለሚመጡ፣ ከስሙ በፊት አራትና አምስት ሐረግ ከተከመረ አንባቢው ስለ ምን እንደሚነገረው ሳያውቅ ይደክማል። ሁለት ወይም ሦስት ዋና ምልክቶችን በብያኔው አግቡ፤ የቀረውን በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

3. «ሁሉ» ከአሉታ ጋር። «ዓሦች ሁሉ ቅርፊት የላቸውም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ ቅርፊት ያለው ዓሣ አንድም የለም ማለት ነው፤ ይህ ሐሰት ነው። ሁለተኛው፣ ቅርፊት የሌላቸውም ይገኛሉ ማለት ነው፤ ይህ እውነት ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት «ቅርፊት የሌላቸው ዓሦችም አሉ» ብላችሁ ጻፉ።

4. የ«ብቻ» ቦታ። «አምባዛ በስንጥብ ብቻ አይተነፍስም» ማለትና «በስንጥብ የማይተነፍሰው አምባዛ ብቻ ነው» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው እውነት፣ ሁለተኛው ሐሰት ነው። «ብቻ» የሚወስነው ከፊቱ ያለውን ቃል ስለሆነ የሚቀመጥበትን ቦታ መርምሩ።

ረ. ከብያኔ ወደ ፍርድ

አሁን በደብተራችሁ ወዳቆያችሁት ዓረፍተ ነገር ተመለሱ። «በወንዙ ውስጥ ዓሣ ስላለ ውኃው ደኅና ነው» የሚለው ፍርድ በውስጡ የተደበቀ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለበት። አውጥተን ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል።

ዓሣ ሁሉ የሚኖረው በውኃ ውስጥ በሟሟ ኦክሲጅን ብቻ ነው።
በዚህ ወንዝ ውስጥ ዓሣ አለ።
ስለዚህ ይህ ወንዝ በቂ ኦክሲጅን አለው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ግን ያደገ አምባዛን ስለማያካትት ሐሰት ነው። መሠረቱ ሐሰት ከሆነ ፍርዱ አይጸናም።

ነገሩ በቡና አገር የቃላት ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። እሸት ቡና በማጠቢያ ጣቢያ ሲፈለፈል ልጣጩ ይወጣል፤ ፍሬውን የሸፈነው ጣፋጭና የሚያጣብቅ ልሃጭም በገንዳ ውስጥ ከተብላላ በኋላ በውኃ ይታጠባል። ይህ እጣቢ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ፣ በውኃው ያሉ ደቂቅ ዘአካላት ስኳሩንና ሌላውን ብስባሽ ሲመገቡ በውኃው የሟሟውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። የቡና አጠባ የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ማለት ዝናሙ አቁሞ ወንዞች በሚቀንሱበት ወቅት ስለሆነ ጉዳቱ ይከብዳል። ወደ ግልገል ጊቤም ሆነ ወደ ዴዴሳ የሚወርዱ ትናንሽ ጅረቶች በየቡና ቀበሌው ያልፋሉ፤ ከበታች ያለው ሰውም ለከብቱና ለቤቱ የሚቀዳው ከዚያው ውኃ ነው።

እንዲህ ባለው ውኃ ውስጥ በስንጥብ ብቻ የሚተነፍሱ ዓሦች ይሞታሉ ወይም ይሸሻሉ። አምባዛ ካለ ግን ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር እየሳበ ሊቆይ ይችላል። የሚያየው ሰው «ዓሣ አለ» ብሎ ይጽናናል፤ ጅረቱ ግን ታሟል። በአንጻሩ «አምባዛ ስላለ ውኃው ተበክሏል» ማለትም ስሕተት ነው፤ አምባዛ በንጹሕ ውኃም ይኖራልና። የአምባዛ መኖር ብቻውን ስለ ውኃው ንጽሕና ማስረጃ አይሆንም። ትክክለኛው አነጋገር የሚከተለው ነው።

በወንዙ ውስጥ የታየው ዓሣ አምባዛ ነው። አምባዛ ከአየር ሊተነፍስ ስለሚችል መኖሩ ውኃው በቂ ኦክሲጅን እንዳለው አያረጋግጥም። ስለዚህ ስለ ውኃው ከመፍረዳችን በፊት በስንጥብ ብቻ የሚተነፍሱ ዓሦች መኖራቸውን፣ የውኃውንም ሽታና ቀለም መመርመር፣ ቢቻል ውኃውን ማስለካት ይገባናል።

ይህ አንቀጽ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይረዝማል፤ ነገር ግን በእርሱ ተማምኖ ውኃ የሚቀዳ ሰው አይታለልም። ችግሩን ለመቀነስም መንገድ አለ፤ እጣቢውን ወደ ወንዝ ከመልቀቅ ይልቅ በተቆፈሩ ገንዳዎች ማቆየትና ማጣራት፣ ልጣጩንም አብስሎ ለማዳበሪያ ማዋል ይቻላል።

ሰ. መልመጃ

1. የሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ብያኔ የማይሆኑበትን ምክንያት ጻፉ፤ ከዚያም አስተካክላችሁ በይኑ።
   ሀ) ጀንፈል ቡና ነው።
   ለ) ስንጥብ ለዓሣ ይጠቅማል።
   ሐ) ሬይ በባሕር ውስጥ የኖረ ዓሣ ነው።

2. አምባዛንና ሬይን በሦስት መሠረቶች አነጻጽሩ። ለእያንዳንዱ መሠረት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «ሲሆን»፣ «ግን» ወይም «በአንጻሩ» በሚሉት ቃላት አያይዙ።

3. «ተማሪዎች ሁሉ አልመጡም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉሞች ለይታችሁ፣ ለእያንዳንዱ ትርጉም የማያሻማ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

4. «አምባዛ ከአየር ስለሚተነፍስ የተበከለ ውኃ አይጎዳውም» ለሚለው ሐሳብ መልስ ስጡ። ስለ ጫጩቱ በምንባቡ የተነገረውን በማስረጃነት ተጠቀሙ።

5. ድርሰት። በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ጅረት ወይም ወንዝ ምረጡ። በክረምት መውጫና በቡና አጠባ ወቅት የሚታይበትን ለውጥ ከ20 እስከ 25 መስመር በሆነ ድርሰት ግለጹ። በመጀመሪያው አንቀጽ ወንዙን በይኑ፤ ከየት ተነሥቶ ወደየት እንደሚገባም አስረዱ። በሁለተኛው አንቀጽ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። በሦስተኛው አንቀጽ ካያችሁት የምትደርሱበትን ፍርድ አስቀምጡ። ፍርዱን ከመጻፋችሁ በፊት የተደበቀውን ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ኅዳግ አውጥታችሁ እውነት መሆኑን መርምሩ።